ሞተሩ የቆመበት ቀንና የተበላሸበት ቀን

ከሚሌ ተነሥቶ ወደ ባቲ የሚያቀናው መንገድ በረሃውን ጨርሶ ሽቅብ መውጣት በሚጀምርበት ሥፍራ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የግንቦት ቀን ከቀትር በኋላ፣ አንድ ከባድ የጭነት መኪና ጭነቱን እንደ ተሸከመ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። የጫነው አንድ መቶ ኩንታል ያህል ዱቄትና በጄሪካን የታሸገ የምግብ ዘይት ሲሆን፣ ይጠብቀው የነበረውም በደጋው በኩል የሠፈረ፣ የሁለት ቀን ስንቅ ብቻ የቀረው አንድ ክፍል ነበር። ሾፌሩ፣ ከማናችንም የበለጠ የአገልግሎት ዘመን የነበራቸው አንድ ሃምሳ አለቃ፣ በጎማው ጥላ ሥር ተቀምጠው እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጉ ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን መኮንን ሲመጣ ቀድመው የሚነሡት እሳቸው ነበሩ፤ በዚያን ቀን ግን አልተነሡም።

«ምን ሆነ ሃምሳ አለቃ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ነከሰ፣ መቶ አለቃ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በሾፌሮችና በመካኒኮች ቋንቋ ሞተር ነከሰ ሲባል፣ በውስጡ የሚሽከረከሩትና የሚመላለሱት ብረቶች በመካከላቸው ይለያቸው የነበረው ዘይት ጠፍቶ እርስ በርሳቸው ተፋጭተው፣ ግለውና ተጣብቀው ቀሩ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሞተሩን በቁልፍም፣ በግፊትም፣ በጸሎትም ማንቀሳቀስ አይቻልም። ስንቁን በሌላ መኪና አዛውረን ስናደርስ ሌሊቱ ተጋምሶ ነበር። የቆመውም መኪና በሦስተኛው ቀን ተጎትቶ ጋራዥ ገባ።

የክፍሉን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። በዚያን ጊዜ እኔ ገና መቶ አለቃ ነበርሁ፤ ዛሬ ከምሠራበት የመረጃ ሥራ በፊት የተሽከርካሪ ሥምሪቱ ለተወሰኑ ወራት በኃላፊነቴ ሥር ነበር። ጉዳዩን ለአንባቢ ማቅረብ የፈለግሁት ግን የሠራዊት ጉዳይ ስለሆነ አይደለም። እህል የሚያመላልሰው አይሱዙ፣ የእርሻ ትራክተሩ፣ የመስኖ ውኃ መሳቢያው፣ የቀበሌው ወፍጮ፣ በየከተማው የሚርመሰመሰው ባጃጅ፣ ሁሉም የሚኖሩትና የሚሞቱት በአንድ ዓይነት ሕግ ነው።

ሞተሩ ሲፈታ የታየው

በጋራዡ ውስጥ ሞተሩ ወርዶ ሲፈታ ቆሜ ተመልክቻለሁ። መካኒኩ በመጀመሪያ ኮፓውን፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ዘይቱ የሚጠራቀምበትን ገበታ ፈታ። በውስጡ የነበረው ዘይት አይባልም፤ ከቀዝቃዛ ገንፎ የማይለይ ጥቁር ዝቃጭ ነበር። ጣቱን አግብቶ ሲያወጣው ዝቃጩ ከጣቱ ላይ አልወርድ አለ። የዘይቱ ፓምፕ የሚስብበት ወንፊት ከግማሽ በላይ ተደፍኗል። ፊልትሮው በመጋዝ ተቆርጦ ሲከፈት ደግሞ በውስጡ ያለው የታጠፈ ወረቀት አብጦና ተጨማትሮ እርስ በርሱ ተጣብቆ ተገኘ።

የከፋው ከዚያ ቀጥሎ ነበር። ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ቢየላ ይባላል። ቢየላው ክራንክሻፍቱን በሚይዝበት ቦታ ላይ መካኒኮች ብሮንዚና የሚሉት፣ ከለስላሳ የብረት ቅልቅል የተሠራ ስስ ሽፋን አለ። በአራተኛው ሲሊንደር ያለው ብሮንዚና ለስላሳ ፊቱ ተፍቆ አልቆ መዳብ መሳይ ቀለም ያለው ሥሩ ወጥቷል፤ ይህም ሳይበቃ ከቦታው ተንሸራቶ ዞሮ ዘይት የሚመጣበትን ቀዳዳ ራሱ ደፍኖታል። ክራንክሻፍቱም በዚያ ቦታ ላይ ከግለቱ የተነሣ ሰማያዊ ሆኗል። የካሚቻው፣ ማለትም ፒስተኑ የሚመላለስበት ቧንቧ፣ ውስጠኛው ግድግዳ ሚስማር እንደ ተጎተተበት ከላይ እስከ ታች ተጭሯል።

ክራንክሻፍት ሲጎዳ ብዙውን ጊዜ በማሽን ተሞርዶ፣ በቀነሰው ልክ ወፈር ያለ ብሮንዚና ይገባለታል። ሆኖም መሞረዱ ገደብ አለው። በተለመደው አሠራር መጀመሪያ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎ 0.50፣ ከዚያም 0.75 እያለ ይቀነሳል፤ ከዚያ ወዲያ ዘንጉ ይሳሳል። ብረቱ ሰማያዊ እስኪሆን ከጋለ ደግሞ ጥንካሬው ስለሚለቅቅ መሞረዱ ራሱ ዋጋ የለውም። የኛው ክራንክሻፍት የዚህ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ለሞተሩ እድሳት የወጣው ገንዘብ ለዚያ መኪና የብዙ ዓመት ዘይትና ፊልትሮ ይገዛ ነበር።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሦስት አባላት ነበሩት። ዛሬ ሳስበው አግባብ ባይሆንም ከሦስቱ አንዱ እኔ ነበርሁ። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሁላችንም በአንድ ቃል የተስማማንበት አስተያየት «የሾፌሩ ቸልተኝነት» የሚል ሲሆን፣ ወጪው በየወሩ ከደመወዛቸው እንዲቆረጥ የሚል ሐሳብም ቀረበ። የሦስት ልጆች አባት ናቸው። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ፤ አስቀድሞ ግን ዘይት በሞተር ውስጥ ምን እንደሚሠራ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ይህ ካልታወቀ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነም ሊታወቅ አይችልም።

ከእንጨት ውታፉ የተገኘ ትምህርት

በጦር አካዳሚ ሳለን የተሽከርካሪ ትምህርት ይሰጡን የነበሩት አስተማሪ፣ በመካከሉ ለሁለት ተቆርጦ ውስጡ የሚታይ ሞተር በክፍሉ ፊት አቁመው «ይህ ብረት ብረትን የሚነካ የሚመስለው ሰው እጁን ያውጣ» ብለው ነበር። ሁላችንም እጃችንን አወጣን፤ ሁላችንም ተሳሳትን።

በ1883 እ.ኤ.አ. ቦሻምፕ ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለእንግሊዝ የመካኒካል መሐንዲሶች ተቋም የባቡር ሠረገላ ዘንጎችን ስለሚሸከሙ ማቀፊያዎች ምርምር ያካሂድ ነበር። በማቀፊያው አናት ላይ ለዘይት መጨመሪያ ብሎ ቀዳዳ በሳ። ዘንጉ መሽከርከር ሲጀምር ግን ዘይቱ በዚያ ቀዳዳ ወደ ላይ እየተገፋ መውጣት ጀመረ። በቡሽ ቢደፍነው ተገፍቶ ወጣ፤ የእንጨት ውታፍ ቢመታበትም ያም ተገፍቶ ወጣ። የግፊት መለኪያ ሲተከል በዘይቱ ውስጥ ያለው ግፊት በማቀፊያው ላይ ካረፈው አማካይ ጫና እጥፍ በላይ ሆኖ መለኪያው ከሚያነበው አለፈ። በ1886 እ.ኤ.አ. ኦስቦርን ሬይኖልድስ የተባለው ሊቅ ምክንያቱን በስሌት አስረዳ። ዘንጉ ሲሽከረከር ዘይቱን ከራሱ ጋር ጎትቶ እየጠበበ ወደሚሄደው ክፍተት ያስገባዋል፤ ዘይቱም መውጫ ሲያጣ ዘንጉን ያነሣዋል። እንግዲህ ዘንጉ የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ብረቱ በብረት ላይ አላረፈም፤ በመካከላቸው ከፀጉር በብዙ እጅ የቀጠነ የዘይት ንጣፍ አለ። ያን ሁሉ ኩንታል ሽቅብ የሚገፋው ኃይል የሚተላለፈው በዚህ ንጣፍ በኩል ነው።

ከዚህ ሌላ ዘይት የሞተሩ ማቀዝቀዣ ነው፤ የራዲያተሩ ውኃ ፈጽሞ ሊደርስባቸው የማይችሉትን ብሮንዚናዎችና የፒስተኑን ሆድ የሚያቀዘቅዘው እርሱ ነው። ፋሻው ከካሚቻው ጋር የሚገጥምበትን ስንጥቅ ይዘጋል። አጣቢም ነው፤ ጥላሸቱን ከብረቱ ላይ አንሥቶ በራሱ ውስጥ ተበትኖ እንዲንሳፈፍ ያደርጋል። በመጨረሻም ከነዳጁ መቃጠል የሚወለደውን አሲድ ያመክናል። ለእነዚህ ሥራዎች በፋብሪካ የሚጨመሩበት ቅመሞች አሉ፤ ቅመሞቹም እንደ ወጥ ጨው መጠን አላቸው፤ ሲያልቁ አልቀዋል።

ዘይት እንዴት ያረጃል?

«ዘይት ምን ይሆናል? ብረት አይደለ አያልቅ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ነገር ግን ዘይት ያረጃል፤ የሚያረጀውም ዘይቱ ራሱ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሲበላሽ፣ ሥራውን የሚሠራባቸው ቅመሞች ሲያልቁበትና ባዕድ ነገር ሲሞላበት ነው።

ዋናው ባዕድ ነገር ጥላሸት ነው። ናፍጣ በሙሉ ካልተቃጠለ ጥላሸት ይሆናል፤ ከፊሉ በጭስ ማውጫው ሲወጣ ከፊሉ በፋሻው አጠገብ አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። እዚህ ላይ የአገራችን ምድር የራሱ ፍርድ አለው። ሚሌ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ናቸው። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያ ሥፍራ እንደ ቆላው አድርገህ ነዳጅ ስትሰጠው አየሩ ስለማይበቃው ጥቁር ጭስ ይተፋል። በመንገድ ዳር የሚሄደው እግረኛ አፍንጫውን ይዞ የሚረግመው ጭስ ወንድሙ በኮፓው ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ዘይት ከአየር ጋር ተዋሕዶ የሚበላሽበት ፍጥነት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናል፤ በአፋር በረሃ የሠራ ሾፌር ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም። ሦስተኛው አቧራ ነው፤ የአየር ማጣሪያው ከተቀደደ ወይም በደንብ ካልታሰረ የሚገባው ደቃቅ አሸዋ በዘይቱ ውስጥ ሆኖ ብረቱን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። አራተኛው ውኃ ነው። አንድ ሊትር ነዳጅ ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወለዳል። ሞተሩ በደንብ ከጋለ እንፋሎቱ ይወጣል፤ ጠዋት ተነሥቶ ከቤት እስከ ቢሮ ብቻ ሄዶ የሚቆም መኪና ግን ውኃውን በዘይቱ ውስጥ ያስቀረዋል። ስለሆነም «የኔ መኪና እኮ ምንም አትሠራም» ማለት ማስረጃ አይደለም።

እነዚህ ሁሉ ሲሰበሰቡና ቅመሞቹ ሲያልቁ፣ ተበትኖ ይንሳፈፍ የነበረው ጥላሸት እርስ በርሱ እየተያያዘ ይረጋል። በኮፓው ውስጥ ያየነው ገንፎ ይህ ነው። ዘይቱ እየወፈረ ሲሄድ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ወደ ላይኛው ክፍል ለመድረስ ይዘገያል፤ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ብረት ብረትን ይነካል።

ስለ ፊልትሮው አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ብዙ ሾፌሮች ስለማያውቁት ነው። ፊልትሮው ሲደፈን ዘይቱ ይቆማል፣ መብራት ይበራል፣ እኛም እናውቃለን ብለው ያምናሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ፋብሪካዎቹ ሞተር ያለ ዘይት ከሚቀር ያልተጣራ ዘይት ቢያገኝ ይሻላል በሚል ስሌት መተላለፊያ ክዳን ሠርተውለታል፤ ፊልትሮው ሲደፈን ክዳኑ ተከፍቶ ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የዘይት ግፊት መለኪያ ደኅና ነው እያለ፣ ቆሻሻው በቀጥታ ወደ ብሮንዚናው ይገባል። እንዲያውም የወፈረ ዘይት ግፊቱን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ሾፌሩ «ሞተሬ ጤነኛ ነው» ብሎ ደስ ሊለው ይችላል።

ኪሎ ሜትሩና ሰዓቱ

ዘይት የሚቀየርበት ጊዜ በየመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ተጽፏል። ለአሮጌ የናፍጣ ሞተሮች 5,000 ኪሎ ሜትር የተለመደ ሲሆን፣ ለአዳዲሶቹና በተሻለ ዘይት ለሚሠሩት ከዚህ ይረዝማል። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በትናንሽ ፊደል፣ አቧራ፣ ከባድ ጭነት፣ ዳገትና ረጅም ሰዓት ቆሞ መሥራት ባለበት ሥፍራ ጊዜው በግማሽ ያህል እንዲያጥር ታዝዟል። ለመሆኑ ከነዚህ ሁኔታዎች በአንዱ እንኳ የማይሠራ የጭነት መኪና በአገራችን አለን?

ስሌቱ ቀላል ነው። በሜዳ ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና 5,000 ኪሎ ሜትር ለመሙላት 100 ሰዓት ይሠራል። በዳገት በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየተጎተተ የሚሄደው ያንኑ ርቀት ለመሸፈን 250 ሰዓት ይፈጅበታል። ቆጣሪው ለሁለቱም አንድ ቁጥር ያሳያል፤ የዘይቱ ዕድሜ ግን ሁለት ተኩል እጥፍ ይለያያል። ሞተሩን ሳያጠፋ በኬላ ላይ ሁለት ሰዓት የቆመ መኪናም በቆጣሪው ላይ ምንም አልሄደም።

ይህ ነገር በተለይ የሚጎዳው ወፍጮዎችን ነው። የወፍጮ ሞተር ኪሎ ሜትር የለውም፤ ብዙውን ጊዜ የሰዓት ቆጣሪም የለውም። በአንድ የገጠር ቀበሌ ያገኘሁት የወፍጮ ቤት ባለቤት ዘይቱን መቼ እንደ ቀየረ ስጠይቀው «ለመስቀል መሰለኝ» ብሎኛል፤ የተገናኘነው ለፋሲካ ሳምንት ሲቀር ነበር። በመካከሉ ዘይቱ ሲጎድል እየጨመረበት ኖሯል። ወፍጮው በበዓል ዋዜማ ቢቆም እናቶች እህላቸውን ተሸክመው ወደሚቀጥለው ወፍጮ የሚሄዱት የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ለባለቤቱ የነገርሁት ዘዴ ቀላል ነበር፤ በግድግዳው ላይ በከሰል ወይም በጠመኔ በየቀኑ የሠራበትን ሰዓት ይጻፍ። መጽሐፉ 200 ሰዓት ካለ፣ 200 ሲሞላ ቡሎኑን ይፍታ። ባጃጅም ቢሆን የሚይዘው ዘይት ጥቂት ስለሆነ ያው ቆሻሻ በጥቂት ዘይት ውስጥ ይሰበሰብበታል፤ ትንሽ ነው ተብሎ የሚተው አይደለም።

የተሳሳቱ እምነቶች

«ዘይቱ ጠቁሯል፣ ስለዚህ ተበላሽቷል» የሚለው የመጀመሪያው ነው። በናፍጣ ሞተር ውስጥ አዲስ ዘይት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጠቁራል፤ መጥቆሩ ጥላሸቱን እያነሣ፣ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ያሳያል። በአንጻሩም ብዙ ያልጠቆረ ዘይት ቅመሙ አልቆ ሊሆን ይችላል። ዓይን ለዚህ ነገር ዳኛ ሊሆን አይችልም፤ ዳኛው መዝገቡ ነው።

ሁለተኛው መጨመርን እንደ መቀየር መቁጠር ነው። በቆሸሸ ገበታ ላይ ንጹሕ እህል ቢጨመር ገበታው አይታጠብም። ሦስተኛው ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ነው። ሾፌሩ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስቦ አይቶ «የኔ ሞተር ዘይት አይበላም፤ እንዲያውም ይጨምራል» ይላል። ዘይት አይወልድም። ከፍ ካለ ከናፍጣው ወይም ከራዲያተሩ ውኃ የገባበት ነገር አለ። ናፍጣ ከሆነ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ሽታውም ይለያል፤ ውኃ ከሆነ ቡና በወተት መስሎ ይነጣል፤ በዚህን ጊዜ የቴስታታው ጓርኒሲዮን መመርመር አለበት። ሞተሩ በዚያው ቀን መቆም ይገባዋል።

ስለ ዘይቱ ዓይነት በአጭሩ፦ በጣሳው ላይ ኤ.ፒ.አይ. ከሚለው ቀጥሎ «ሲ» በሚል ፊደል የሚጀምረው ለናፍጣ፣ «ኤስ» በሚል የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር የተሠራ ነው። 15ደብልዩ-40 የሚለው ደግሞ ውፍረቱን ይናገራል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ቀጭን፣ ሲግል እንደ ወፍራም የሚሠራ ማለት ነው። ከዚህ በላይ መጽሐፉን ማየት ነው። ማኅተሙ የተነካ ጄሪካን መግዛት ግን አይገባም፤ ያገለገለ ዘይት በጨርቅ ተጠልሎ በአዲስ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ እንዳለ ሾፌሮች ያውቃሉ።

አቀያየሩም ምስጢር የለበትም። ሞተሩ ሞቅ ሲል ይቆማል፤ ቆሻሻው ተንሳፍፎ ሳለ እንዲወጣ ነው። የማፍሰሻው ቡሎን ይፈታል፣ ሳይቸኮል እስከ መጨረሻው ጠብታ ይፈስሳል፤ ፊልትሮውም አብሮ ይቀየራል፤ አዲስ ዘይት በአሮጌ ፊልትሮ ማስገባት ግማሽ ሥራ ነው። ቀኑና ቆጣሪው ያሳየው ቁጥር ወዲያው ይጻፋል። የወጣውን ዘይት ብዙ ሰዎች ምስጥ እንዳይበላው የአጥር እንጨት ይቀቡበታል፤ ከዚህም የባሰ በወንዝ ዳር የሚያፈስሱ አሉ። አንድ ሊትር ያገለገለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ሊትር ውኃ ሊበክል እንደሚችል ይነገራል። በዕቃ ተጠራቅሞ ወደሚረከብ ቦታ መሄድ አለበት። መካኒኮችም እጃቸውን በእርሱ ከመታጠብ ቢቆጠቡ መልካም ነው፤ ለቆዳ መርዝ ነውና።

መዝገቡ

አሁን ወደ አጣሪው ኮሚቴ ልመለስ። በሁለተኛው ስብሰባ ላይ፣ የጋራዡ ሪፖርት ከቀረበ በኋላ፣ ሰብሳቢው ሻምበል የተሽከርካሪው መዝገብ እንዲመጣ አዘዙ። ሃምሳ አለቃው ከበሩ ውጭ በአግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። መዝገቡ ሲመጣ በሽፋኑ ላይ የግራሶ አሻራ ነበረበት። ሻምበል ሳያነቡት ወደኔ ገፋ አደረጉትና «አንብብልን» አሉኝ።

የመጨረሻው የዘይት ቅያሪ ሞተሩ ከቆመበት ቀን 14,000 ኪሎ ሜትር ያህል ቀድሞ የተደረገ ነበር። መመሪያው የሚያዘው 5,000 ነው። ገጹን ገልጬ ማንበብ ስጀምር የእጄን ጽሕፈት አየሁ። ቆጣሪው 5,000 በሞላበት ቀን ሃምሳ አለቃው በሰማያዊ ቢክ፣ በዚያ በተንጋደደ ጽሕፈታቸው «ዘይት መቀየሪያው ደርሷል» ብለው መዝግበዋል። ከጎኑ በእኔ ጽሕፈት «አስቸኳይ ሥምሪት ስላለ ለሚቀጥለው ምልልስ ይተላለፍ» የሚል አለ፤ ፊርማዬም አለ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ «ዘይትና ፊልትሮ ይቀየር፤ ጊዜው አልፏል» ብለዋል። የእኔ መልስ «ፊልትሮ ከመጋዘን እስኪመጣ ዘይት እየተጨመረ ይሥራ» ይላል። ፊልትሮው ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ መጋዘን መግባቱን ኋላ አረጋግጫለሁ፤ ጠይቄ አላወጣሁትም። ሦስተኛው የተጻፈው መኪናው ከመቆሙ አሥራ አንድ ቀን በፊት ነው። ሃምሳ አለቃው «ሞተሩ ጠዋት ሲነሣ ከሥር ያንኳኳል» ብለዋል። ከጎኑ ያለው የእኔ ጽሕፈት «ይተላለፍ» የሚል አንድ ቃል ነው። ምክንያት አልተጻፈበትም። ምክንያትም አልነበረኝም፤ በዚያን ቀን የፈረምሁት ወረቀት ብዙ ነበር።

ማንኳኳቱ ብሮንዚናው መፈናቀል የጀመረበት ድምፅ መሆኑን ጋራዡ ሲያስረዳ ሰምቼ ነበር። እንግዲህ ሞተሩ የቆመው በባቲ መንገድ ላይ ሲሆን፣ የተበላሸው ግን በእኔ ጠረጴዛ ላይ፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት ነው። ይህን ለኮሚቴው ተናገርሁ። ከአባልነቴም እንድነሣ ጠየቅሁ፤ ሻምበልም «መጀመሪያም መቀመጥ አልነበረብህም» አሉኝ።

የደመወዝ ቅጣቱ ሐሳብ ቀረ። ለእኔ የተጻፈው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በማኅደሬ ውስጥ አለ። ሃምሳ አለቃው ከአግዳሚው ተጠርተው ውሳኔው ሲነገራቸው «እሺ» ብቻ ብለው ወጡ፤ ለብዙ ሳምንታትም ከሥራ ጉዳይ በቀር አላነጋገሩኝም።

የታደሰው ሞተር ተገጥሞ የመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ፣ ለታደሰ ሞተር እንደሚደረገው፣ ዘይቱ መቀየር ነበረበት። በዚያን ጠዋት ረዳታቸው ወደ ቢሮ መጥቶ «ሃምሳ አለቃ እርስዎን ይጠሩዎታል» አለኝ። ሄድሁ። ከመኪናው ሥር ተኝተው ነበር፤ ሰሐኑ ተዘጋጅቷል፣ አዲሱ ፊልትሮ በጨርቅ ላይ ተቀምጧል፣ መዝገቡም በጎማው ላይ ተደግፏል።

«መቶ አለቃ፣ ዝቅ ይበሉና ይዩት» አሉኝ። በጉልበቴ ተንበርክኬ አየሁ። ቡሎኑን በእጃቸው አዙረው ለቀቁት፤ ዘይቱም መውረድ ጀመረ። ብዕሬን ሳወጣ እጃቸውን አንሥተው አቆሙኝ።

«ገና ነው» አሉ፤ «ፈስሶ ይለቅ፣ ከዚያ ይፈርሙ።»